የትርዒት ቲኬት ኢንሹራንስ ያስፈልጋልን?

ለሙዚቃ ወይም ለትያትር ቲኬት ስንገዛ፥ ጥቂት ጨምረን ኢንሹራንስ እንድንገባ እንጠየቃለን። ብዙዎቻችን ትርዒቱ ቢሰረዝ ገንዘባችን የሚመለሰው በዚህ ይመስለናል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በኦገስት 2024 የቴይለር ስዊፍት ሦስት የቪየና ትርዒቶች በሽብር ሥጋት ሲሰረዙ፥ የቲኬቱን ዋጋ የመለሱት አዘጋጆቹ ናቸው፤ ለባቡርና ለሆቴል የወጣው ግን በዚህ ውስጥ አልገባም። ኢንሹራንሱ በአብዛኛው የሚከፍለው እኛው ራሳችን ታመን ወይም አደጋ ደርሶብን ስንቀር ነው፤ ያውም የሐኪም ወረቀት ስናቀርብ። ሐሳቤን ለወጥኩ፥ ጥናት በዛብኝ ማለት አይበቃም። ተማሪን ከትርዒት የሚያስቀረው ደግሞ ከበሽታ ይልቅ ጥናት ነው! ስለዚህ በበኩላችን ለርካሽ ቲኬት ኢንሹራንስ መግዛትን አንደግፍም። የወር ቀለብ የሚያህል ዋጋ የከፈለና ጤናው የማያስተማምነው ጓደኛችን ግን ቢገዛ አንቃወመውም፤ ብቻ ውሉን ከመክፈሉ በፊት ያንብበው፥ ቀድሞ የነበረበትን በሽታ የማይሸፍን ውል ብዙ ነውና።