የጎማው ጎን ምን ይላል?

የዛሬው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆንባችሁ ይችላል። «ስለ ትዳርና ስለ ልጆች አስተዳደግ ስናነብ ቆይተን ደግሞ ስለ መኪና ጎማ ምን ልንባል ነው?» ትሉ ይሆናል። ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ። ጎማ የወንዶች ጉዳይ ብቻ የሚመስለን ገንዘቡ ከጋራ ኪሳችን እስኪወጣ ወይም በእኩለ ሌሊት ስልክ እስኪጮኽ ድረስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ የምትኖር አንዲት እኅት ደወለችልኝ። ባለቤቷ በከባድ ፒክ አፕ ተሳቢ እየጎተተ መኪናና ዕቃ ከከተማ ወደ ከተማ ያደርሳል፤ የቤቱ እንጀራ የሚገኘው ከዚያ ነው። የፒክ አፑ ጎማዎች አለቁ። አንዱ ሱቅ ለአራቱ አዲስ ጎማ ጠቀም ያለ ዋጋ ጠየቃቸው። ሌላው ደግሞ «ልኩ ያው ነው፣ ጥርሱም ገና አላለቀም» ብሎ ያገለገሉ ጎማዎችን በግማሽ ዋጋ አቀረበላቸው። የቤት ኪራይ ደርሷል፣ የልጆቹ ትምህርት ሊከፈት ነው፤ ስለዚህ እርሷ ርካሹን መረጠች። እርሱ ደግሞ «ከእነዚህ ጋር መንገድ አልወጣም» አለ። ሁለት ቀን ተኳርፈው ሰነበቱ። «እስቲ አንቺ ፍረጂን» አለችኝ።

እኔ የጎማ ባለሙያ አይደለሁም። ስለዚህ ከመፍረዴ በፊት ጊዜ ወስጄ አነበብሁ፤ ሥራውን የሚያውቁትንም ጠየቅሁ። የገረመኝ ነገር ቢኖር መልሱ የትም ሩቅ አለመሆኑ ነው። ከጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ከሹፌሩ በር ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይም ተጽፏል። የሚያነበው ሰው ነው የጠፋው።

«ልኩ ያው ነው» ሲሏችሁ

የዚያ ቤተሰብ ጎማ ልክ 275/65 አር 18 ነው። 275 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ያሳያል፤ 18 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። እስከዚህ ድረስ ሁለቱም ሱቆች ያቀረቡት ጎማ አንድ ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ከቁጥሩ በፊት ባሉት ፊደላት ነው። «ፒ» የሚል ካለው የቤት መኪና ጎማ ነው። «ኤል ቲ» የሚል ካለው ለጭነት ተብሎ ወፈር ብሎ የተሠራ ነው። ተሳቢ የሚጎትት ከባድ ፒክ አፕ፣ ፎርድ ኤፍ-250 ይሁን ራም 2500 ወይም ሲልቨራዶ 2500፣ የሚፈልገው ኤል ቲውን ነው።

ቀጥሎ የጭነት ደረጃውን ፈልጉ። በፊደል ነው የሚጻፈው። «ሲ» በቀድሞው አጠራር ስድስት ፕላይ፣ «ዲ» ስምንት ፕላይ፣ «ኢ» ደግሞ ዐሥር ፕላይ ይባላል። ዛሬ በውስጡ ያሉት ንጣፎች ዐሥር ናቸው ማለት አይደለም፤ የጥንካሬ መጠሪያ ሆኖ የቀረ ነው። የ«ኢ» ጎማ ሙሉ ጭነቱን የሚሸከመው በተለምዶ 80 ፒ ኤስ አይ ንፋስ ይዞ ነው። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ «ኢ» ከነበረው ወደ «ዲ» ወይም ወደ «ሲ» ዝቅ ማድረግ የመኪናውን ጉልበት እንዳለ ትቶ እግሩን ማድከም ነው።

እስቲ አብረን እንደምር

ከልኩ ቀጥሎ እንደ 123/120 ያለ ቁጥር አለ። ይህ የጭነት መለኪያው ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ጎማው ለብቻው ሲገጠም፣ ሁለተኛው ደግሞ ከኋላ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲገጠም የሚሸከመውን ያመለክታል። 123 ማለት 3,415 ፓውንድ ነው። በዚሁ ልክ የቤት መኪና ጎማ ላይ 114 የሚል ታገኛላችሁ፤ እርሱም 2,601 ፓውንድ ነው። ነገር ግን የቤት መኪና ጎማ ፒክ አፕ ላይ ሲገጠም ዐቅሙ በ1.10 ተካፍሎ ዝቅ እንዲል ደንቡ ያዝዛል። ስለዚህ ወደ 2,365 ይወርዳል።

አሁን የሹፌሩን በር ክፈቱና ተለጣፊውን አንብቡ። የፊቱና የኋላው አክስል እያንዳንዱ ቢበዛ ስንት እንደሚሸከም ተጽፎበታል። የኋላው 6,200 ፓውንድ ይላል እንበል። ሁለት የኤል ቲ ጎማዎች 6,830 ይሸከማሉ፤ 630 ፓውንድ ትርፍ አላቸው። ሁለቱ የቤት መኪና ጎማዎች ግን 4,730 ብቻ ነው የሚችሉት፤ 1,470 ፓውንድ ይጎድላቸዋል። ልካቸው ያው ነው፣ ዐቅማቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

«ጭነቱ ያለው ተሳቢው ላይ ነው፤ ፒክ አፑን ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ተሳቢው ከኋላ በመጎተቻው ላይ ሲያያዝ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን መጎተቻው ላይ ይጥላል። 10,000 ፓውንድ የሚመዝን ተሳቢ ከ1,000 እስከ 1,500 ፓውንድ ይጭናል ማለት ነው። መጎተቻው ከኋላው አክስል ወደ ውጭ ወጣ ያለ ስለሆነ ደግሞ እንደ ሚዛን ጫፍ የፊቱን እያቀለለ የኋላውን የባሰ ይጫነዋል። በዚህ ላይ የሥራ ዕቃው፣ ነዳጁና ተሳፋሪው አለ። ትክክለኛውን ለማወቅ የጭነት መኪናዎች ማረፊያ ላይ ያለ ሚዛን ላይ መውጣት ነው። የፊቱን አክስል፣ የኋላውንና የተሳቢውን ለየብቻ መዝኖ በወረቀት ይሰጣል። ክፍያው ለአንድ ቤተሰብ ምሳ ከሚወጣው ያነሰ ነው፤ ከዚያ በኋላ በግምት መከራከር ቀረ ማለት ነው።

የተወለደበትን ቀን ጠይቁ

ያገለገለ ጎማ ሲቀርብላችሁ ጥርሱን ብቻ አትዩ። በጎኑ ላይ «ዲ ኦ ቲ» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ባለው መስመር መጨረሻ ላይ አራት አኃዞች አሉ። 2319 የሚል ከሆነ በ2019 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሙሉው ቁጥር ብዙውን ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ካጣችሁት በሌላው ጎን ፈልጉት። ጎማ ቆሞም ቢሆን ያረጃል። አንዳንድ መኪና ሠሪዎች በስድስት ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ ብዙ የጎማ ፋብሪካዎች ደግሞ ጥርሱ ባያልቅም ከዐሥር ዓመት አታሳልፉት ይላሉ። ስኮርታውም ከዚህ ሕግ ነፃ አይደለም። ከመኪናው ሆድ ሥር ተሰቅሎ የተረሳው እርሱ ነውና መጀመሪያ የርሱን ቁጥር አንብቡ።

የትኛው ጥርስ ይሻላል?

ሦስት ዓይነት አለ። የአውራ ጎዳና ጥርስ፣ የሁሉ መሬት ጥርስና የጭቃ ጥርስ። አስፋልት ላይ ረጅም መንገድ ለሚጎትት ሰው የአውራ ጎዳናው ጸጥ ያለ ነው፣ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ጥርሶቹም በጭነት ሥር አይወላወሉም። ጠጠርና የግንባታ ቦታ ለሚገባ የሁሉ መሬቱ ይስማማዋል። የጭቃው ጎማ ግርማ ሞገስ ቢኖረውም መንገዱ ሁሉ አስፋልት ለሆነ ሰው ጩኸትና ቶሎ ማለቅ ነው ትርፉ። በዴንቨር ወይም በሚኒያፖሊስ ለምትኖሩ፣ በጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለበትን ምረጡ። ምልክቱ የሚሰጠው በበረዶ ላይ ተፈትኖ ላለፈ ጎማ ነው።

ከልኩ ተለቅ ያለ ጎማ ለመልክ ብሎ መግጠምም ይቅር። ትልቅ ጎማ የሞተሩን የመጎተት ጉልበት ይቀንሳል፤ የፍጥነት መቁጠሪያውም ከትክክለኛው ያነሰ እንዲያሳይ ያደርጋል።

ጥርሱ ማለቁን ለማወቅ 25 ሳንቲሙን ገልብጣችሁ በጥርሶቹ መካከል አስገቡ። የጆርጅ ዋሽንግተን የራስ አናት ከታየ ከ4/32 ኢንች በታች ወርዷል። በብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች ሕጉ እስከ 2/32 ቢፈቅድም በዝናብ ላይ ተሳቢ የሚጎትት ሰው ያን ያህል መጠበቅ የለበትም። ደግሞም ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ለንግድ የሚጭን ከሆነና ከነተሳቢው ከ10,000 ፓውንድ ካለፈ፣ የፌዴራሉ ደንብ ለፊት ጎማዎች 4/32 ይጠይቃል።

ንፋሱን ማን ያያል?

ብዙዎቻችሁ በነሐሴ 2000 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሆነውን ታስታውሱ ይሆናል። ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎችን ከገበያና ከመንገድ ሰበሰበ። አብዛኞቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የተገጠሙ ነበሩ። የጎማው ጥርስ ከነሽቦው ከአካሉ እየተላቀቀ መኪናው ይገለበጥ ነበር፤ ብዙ ቤተሰብም አለቀሰ። ከዚያ በኋላ በወጣው ሕግ ምክንያት ነው ከ2008 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች የንፋስ ማነስን የሚያስጠነቅቅ መብራት የግድ እንዲኖራቸው የተደረገው። ግን ልብ በሉ፤ ሕጉ የሚያስገድደው እስከ 10,000 ፓውንድ ያሉትን ነው። ከዚያ የከበደ ፒክ አፕ መብራቱ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ መለኪያ ገዝቶ ራስ መለካት ነው።

ንፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ይበልጥ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱ ጎማውን ከሽቦው ያላቅቀዋል። ጭነትና የበጋ ፀሐይ ሲጨመሩበት ደግሞ ይፈጥናል። የምትሞሉት በበሩ ተለጣፊ ላይ ባለው መጠን ነው፤ የፊትና የኋላው ይለያያል። የምትለኩትም ጠዋት መኪናው ከመነሣቱ በፊት ነው። ከተነዳ በኋላ ንፋሱ ጨምሮ ብታገኙት አታስተንፍሱት፤ ሙቀቱ ነው የጨመረው።

ስንት እንቀይር?

ገንዘቡ ካልሞላ አራቱን ባንድ ጊዜ መቀየር ግዴታ አይደለም። ግን ቢያንስ በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ አዲሶቹም ከኋላ ይግቡ። ከኋላ ጥንድ ጎማ ያለው መኪና ከሆነ አራቱም የኋላ ጎማዎች ቁመታቸው እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ ትልቁ የትንሹን ሸክም ይወስድና ይሞታል። አራቱም ጎማ የሚስብ ከሆነም በፊትና በኋላ ሰፊ የቁመት ልዩነት ማርሹን ይጎዳል። ባላንስና አላይመንቱን አሠሩ። ከተገጠመ በኋላ ከ50 እስከ 100 ማይል ሲነዳ ዳዶዎቹ በመለኪያ ቁልፍ እንደገና ይጥበቁ። ጎማውንም በስማችሁ አስመዝግቡ፤ ፋብሪካው አንድ ቀን ችግር አግኝቶ ቢሰበስብ ደብዳቤው ወደ ቤታችሁ ይመጣል።

ተሳቢውም የራሱ ጎማ አለው። «ኤስ ቲ» የሚል ተጽፎበታል፤ ለተሳቢ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ለፒክ አፑ በፍጹም አይገጠም። ብዙዎቹ፣ በተለይ የፍጥነት ፊደል የሌለባቸው፣ የተሠሩት በሰዓት ለ65 ማይል ነው። መንገዱ 75 ይፈቅዳል ብሎ መብረር ጎማውን አያሳምነውም።

ያቺ እኅትስ?

ለእኅታችን ይህን ሁሉ በስልክ አልዘረዘርሁላትም። «ከባለቤትሽ ጋር ሄዳችሁ የርካሹን ጎማ ጎን አብራችሁ አንብቡት» ብቻ አልኋት። ሄዱ። «ኤል ቲ» የሚል የለበትም፤ የተሠራበት ቁጥርም ሰባት ዓመት እንዳለፈው ተናገረ። ባለሱቁ መልስ አልነበረውም። ወጪውን ለመቻል ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አሁን፣ የፊቶቹን ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ ለመግዛት ተስማሙ። እርሷ ደውላ «እኔ እኮ ገንዘብ የሚያባክን መስሎኝ ነበር» አለችኝ። እርሱም በበኩሉ «ለምን እንደምፈልገው ሳላስረዳት ነው የተቆጣሁት» ማለቱን ነገረችኝ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ በዚያ ቤት ሁለቱም ያሰቡት ለቤተሰቡ ነበር። የጎደለው አብሮ ማንበብ ነው። ባለቤታችሁን ጸልያችሁ ስትሸኙ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብላችሁ ጎማውን እዩ። እናንተም ወንድሞቼ፣ የምትገዙትን ነገር ምክንያት ለሚስቶቻችሁ አስረዱ፤ የበሩን ተለጣፊ አሳዩዋቸው። በጎማው ጎን ያለው ጽሑፍ ለሁለታችሁም የተጻፈ ነው።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ መንገዳችሁ ሁሉ ሰላም ይሁን።