ባለ ድምር ሱዶኩና የአርባ አምስት ሕግ

ባለፈው ወር በዚህ ገጽ የተራውን ሱዶኩ አሠራር ገልጸን ነበር። ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች በየረድፉ፥ በየዓምዱና ዘጠኝ ዘጠኝ ቤት ባላቸው ክፍሎች ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲገቡ የሚያዝዘው ይህ ጨዋታ ዜሮን ስለማይፈልግ ለግእዝ ቁጥራችን የተመቸ ነው፤ በቤታችን ልጆቹ ከ፩ እስከ ፱ እየጻፉ ይሞሉታል። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ከባዱ ወንድሙ ነው። እንግሊዞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. በታይምስ ጋዜጣ ሲያወጡት «ገዳይ ሱዶኩ» አሉት። ስሙ ለልጆች ጆሮ አልጣመንምና እኛ ባለ ድምር ሱዶኩ ብለነዋል።

በዚህ ጨዋታ መነሻ የሚሆን ቁጥር ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይሰጥም። በምትኩ ቤቶቹ በነጠብጣብ መሥመር እየታጠሩ በእያንዳንዱ ቅጥር ጥግ የውስጡ ቁጥሮች ድምር ይጻፋል፤ በአንድ ቅጥር ውስጥም አንድ ቁጥር አይደገምም።

በአንድ እሑድ ማታ የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጃችንን አጠገባችን አስቀምጠን ይህን ስንሠራ፥ ድምሩ 10 ከሆነ ባለ ሁለት ቤት ቅጥር ደረስን። 4ና 6 እንደሚገቡበት አውቀናል፤ የትኛው ከላይ፥ የትኛው ከታች እንደ ሆነ ግን አላወቅንም። ድካም ይዞን ነበርና 4ን ከላይ ጻፍነው። ልጅቱ «አባባ፥ እንዴት አወቁት?» ብትለን «ግልጽ ነው» አልናት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በታችኛው ረድፍ ሁለት 6 ተገኘ። ልጅቱ ዝም ብላ ጣቷን በዚያች 4 ላይ አሳረፈች። እኛ በክፍላችን መልሱን አግኝቶ መንገዱን ያላሳየ ተማሪ ግማሽ ነጥብ የምንቀንስ መምህር ነን! ግምት እንደ ነበረ ነግረናት፥ ሠንጠረዡን በላጲስ አጥፍተን ከመጀመሪያው ጀመርን።

በሁለተኛው ጊዜ የረዳን የአርባ አምስት ሕግ ነው። ከ1 እስከ 9 ያሉት ሁሉ ሲደመሩ 45 ስለሚሆኑ፥ የማንኛውም ረድፍ፥ ዓምድና ክፍል ድምር 45 ነው። ለምሳሌ በግራው የላይኛ ክፍል ውስጥ ሦስት ሙሉ ቅጥሮች አሉ እንበል፤ ባለ ሁለት ቤቱ 17፥ ባለ ሦስት ቤቶቹ አንዱ 6፥ ሌላው 15 ናቸው። ተደምረው 38 ይሆናሉ፤ እንግዲያስ ብቻውን የቀረው ዘጠነኛው ቤት 7 ነው። ይህ ቤት በመጀመሪያው ረድፍ ሆኖ በቀኝ ካለው የጎረቤት ክፍል ቤት ጋር በ16 የታጠረ እንደ ሆነ፥ ጎረቤቱ 9 ይሆናል። የ17ቱ ቅጥር ደግሞ ከ8ና ከ9 በቀር ሌላ አይቀበልም፤ ቅጥሩ ከላይ ወደ ታች የቆመና የላይኛው ቤቱ በዚያው በመጀመሪያው ረድፍ ያለ ከሆነ፥ በረድፉ 9 አስቀድሞ ስለ ገባ ላይኛው 8፥ ታችኛው 9 መሆኑ አያጠራጥርም። በባዶ ሠንጠረዥ ላይ አራት ቤት ያለ አንዳች ግምት ተሞላ!

አንድ መንገድ ብቻ ያላቸውን ድምሮች በቃል መያዝ ይጠቅማል። ለሁለት ቤት 3፥ 4፥ 16ና 17፥ ለሦስት ቤት 6፥ 7፥ 23ና 24 እንዲህ ያሉ ናቸው።

«ታዲያ መንገዱ ሁሉ ሲዘጋ ምን ይደረግ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። «ይህ ቤት 4 ቢሆን» ብሎ በሌላ ወረቀት እስከ መጨረሻው መከተል ይፈቀዳል፤ 4 ከሕጉ ጋር ከተጋጨ 4 አለመሆኑ ተረጋገጠ ማለት ነው፤ በጂኦሜትሪም እንዲሁ እናስተምራለን። ሳይጋጭ ቢቀር ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኛም በዚያ እሑድ ማታ ቢሆን ብለን ሳይሆን ነው ብለን ጻፍን።

ለዚህ ወር የምናቀርበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። በአንድ ረድፍ ውስጥ ድምራቸው 4ና 16 የሆኑ ሁለት ባለ ሁለት ቤት ቅጥሮች፥ ድምሩ 15 የሆነ አንድ ባለ ሦስት ቤት ቅጥርና ያልታጠሩ ሁለት ቤቶች አሉ። በባለ ሦስቱ ቤት ውስጥ ያለ ጥርጥር የሚገኘው ቁጥር የትኛው ነው? ልጃችን መልሱን ከነምክንያቱ አግኝታዋለች፤ እስከሚመጣው ወር ለማንም እንዳትነግር አደራ ብለናታል።