የምሳሌ ብዛት ማረጋገጫ አይሆንም፦ የ906,150,257 ትምህርት

አንድን የሒሳብ መላምት በሚሊዮን በሚቆጠሩ ምሳሌዎች መፈተን ዛሬ ለኮምፒውተር የአፍታ ሥራ ነው። ይህ ቅለት ግን ወጣት ተመራማሪዎችን ለአንድ ስሕተት ያጋልጣል፤ «ተፈትኖ አልፈረሰም» የሚለውን «እውነትነቱ ተረጋግጧል» ከሚለው ጋር አንድ አድርጎ ማየት። የዚህን አካሄድ አደገኛነት 906,150,257 የተባለው ቁጥር በግልጽ ያስረዳል።

ከ1 የሚበልጥ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ወይ ራሱ ብቸኛ ቁጥር ነው፣ ወይም ብቸኛ ቁጥሮች ተባዝተው የሚሰጡት ውጤት ነው። 12 ከ2፣ ከ2 እና ከ3 ብዜት ይገኛል፤ የተደጋገመውም ስለሚቆጠር ሦስት ብቸኛ አካፋዮች አሉት። ስለዚህ ከኢተጋማሾቹ ወገን ይመደባል። 10 ግን ያሉት 2 እና 5 ብቻ በመሆናቸው ከተጋማሾቹ ወገን ነው፤ ምንም ብቸኛ አካፋይ የሌለው 1ም ከእነዚሁ ጋር ይቆጠራል። ከ1 እስከ 20 ባሉት ቁጥሮች መካከል ኢተጋማሾቹ 12፣ ተጋማሾቹ 8 ናቸው። የሀንጋሪ ተወላጁ የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ፖልያ እ.ኤ.አ. በ1919 ያቀረበው መላምት፣ ቆጠራው ከ2 ጀምሮ የትም ላይ ቢቆም ተጋማሾቹ ብልጫ አያገኙም የሚል ነበር።

መላምቱ ከ900 ሚሊዮን በላይ በሆኑ ተከታታይ ቁጥሮች ላይ ሳይፈርስ ይዘልቃል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1958 ሄዝልግሮቭ ሐሰትነቱን አረጋገጠ፤ ያረጋገጠውም አፍራሹን ቁጥር ለይቶ በማሳየት ሳይሆን፣ እንዲህ ያለ ቁጥር የግድ መኖር እንዳለበት በማስረዳት ነበር። ከአፍራሾቹ ሁሉ ትንሹ 906,150,257 መሆኑን ደግሞ ታናካ በ1980 አሳየ። እዚህ ቁጥር ላይ ሲደረስ ተጋማሾቹ 453,075,129፣ ኢተጋማሾቹ 453,075,128 ይሆናሉ፤ ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። ሚዛኑን ያዘነበለው ራሱ ይህ ቁጥር በመሆኑ ከተጋማሾቹ ወገን ነው፤ ስለሆነም አንድም ጊዜ ሳናካፍለው ብቸኛ ቁጥር አለመሆኑን እናውቃለን።

ይህ ሲባል ምሳሌ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። መላምት የሚጸነሰው ከምሳሌ ነው፤ የሚፈርሰውም በአንድ ምሳሌ ነው። ምሳሌ የማይችለው ስለ ማለቂያ የለሽ ቁጥሮች የመጨረሻውን ቃል መስጠት ነው። 900 ሚሊዮን በእኛ ዓይን ግዙፍ ቢሆንም፣ ከፊቱ ከተዘረጋው አንጻር ገና የመንገዱ መጀመሪያ ነው።

ስለዚህ በስሌት ላይ የሚመሠረት ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ፣ እስከ የትኛው ወሰን እንደተፈተነና ምን እንደተረጋገጠ ለየብቻ ሊገልጽ ይገባል። ፈታኞችም የምሳሌውን ብዛት ከማድነቃቸው በፊት «ከዚያ ወዲያስ በምን ታወቀ?» ብለው ሊጠይቁ ይገባል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያጣ ጥናት መላምቱን በመላምትነቱ ቢያቀርብ ክብሩ አይቀንስም፤ ያልተረጋገጠውን እንደተረጋገጠ አድርጎ ማቅረብ ግን ተከታዩን ተመራማሪ ያሳስታል።