የማረጥ ጭንቀት ሐኪም አልበዛበትም

ማረጥ ከመጠን በላይ የሕክምና ጉዳይ እየተደረገ ነው ሲል «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2024 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል። ስጋቱ የሆርሞን መድኃኒት በገፍ ለሚሸጥባቸው ሀገሮች ይሠራል። ወደ ሸገር ከተማ ለተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ግን አይሠራም። እዚያ የእናቶች ጤና አገልግሎት በእርግዝናና በወሊድ ዙሪያ የተዋቀረ ስለሆነ፣ መውለድ ያቆመች ሴት ከእይታ ትወጣለች። መጽሔቱ ራሱ ቀድሞ ድብርት የነበረባቸውን፣ በሌሊት ትኩሳትና ላብ እንቅልፍ ያጡትን በማረጥ ወቅት ለድብርት ይበልጥ ተጋላጭ ይላቸዋል፤ ታዲያ እነዚህን ማን ይለያቸዋል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ድብርትን የአእምሮ ስፔሻሊስት ያልሆኑ ባለሙያዎችም እንዲያክሙ የተዘጋጀ ነው። ለደም ግፊት ክትትል የመጣችን የ50 ዓመት ሴት ስለ እንቅልፏና ስለ ስሜቷ ለመጠየቅ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ድረስ መላክ አያስፈልግም። የሦስቱ አካባቢዎች ጤና ጣቢያዎች ይጠይቋት።