ተቀባይ ያጣ ዘፈን

ቃሉን የማናውቀው ዘፈን ለምን ያስለቅሰናል? ይህ ጥያቄ በተማሪዎች መኝታ ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት የሻይ ሰዓት ሲነሣ ይሰማል። አንዱ ወጣት ከስልኩ ላይ የአየርላንድ ወይም የስኮትላንድ ባላገሮችን ዜማ ይከፍትና ቋንቋው ሳይገባው ዐይኑ እንባ ያቀርራል፤ ጓደኛው ደግሞ «ይህ እኮ የእኛው ትዝታ ነው!» ይለዋል። እነዚህ ኬልት የሚባሉት ሕዝቦች በአውሮፓ ምዕራብ ጫፍ፣ በአየርላንድ፣ በስኮትላንድ፣ በዌልስና በብሬታኝ ጥንታዊ ቋንቋቸውን ይዘው የቆዩ ናቸው። ከእኛ አገር ሩቅ ናቸው፤ ኑሯቸውም ሌላ ነው። ታዲያ ዜማቸው እንዴት አንጀታችን ድረስ ሊገባ ቻለ?

የመጀመሪያው መልስ ከቅኝቱ ይገኛል። ከታወቁት አራት ቅኝቶቻችን፣ ማለት ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ መካከል ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ አገር ስም የያዙ መሆናቸውን አንባቢ ያውቃል። አራቱም በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ሙሉ ትዝታ የሚባለው ቅኝት አምስቱ ድምፆች በብዙ የስኮትላንድ ዜማዎች ከሚገኙት አምስት ድምፆች ጋራ አንድ ናቸው። ፈረንጆች ዘመን ሲለወጥ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚዘፍኑት «ኦልድ ላንግ ሳይን» የተሠራው በእነዚሁ ድምፆች ነው፤ ዋሽንት ነፊያችን ከሙሉ ትዝታ ሳይወጣ ሊጫወተው ይችላል።

ነገር ግን ቅኝት ብቻውን በቂ መልስ አይሆንም። አምስት ድምፅ በቻይናም አለ፤ የቻይና ዜማ ግን ሁላችንንም እንዲህ አያባባንም። ስለዚህ ከድምፆቹ ቍጥር አልፈን ሰዎቹ ድምፃቸውን እንዴት አድርገው እንደሚያገናኙት መመርመር ይገባናል። ለዚህም ወደ ሩቅ አገር ከመሻገራችን በፊት ወደ ራያ ቆላ እንውረድ።

ከወልድያ ተነሥቶ በመቀሌ መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው በግራው የላስታን ደጋ፣ በቀኙ የዞብልን ተራራ እያየ ከሰፊው የማሽላ ሜዳ ይደርሳል። ይህ የቆቦ ሜዳ ነው። ነሐሴ 16 ቀን የፍልሰታ ጾም ሲፈታ በዚህ አገር የልጃገረዶች በዓል ይገባል። ትግራይ አሸንዳ፣ ዋግ ሻደይ፣ ላስታ አሸንድዬ ይለዋል፤ የቆቦ ሰው ሶለል ይለዋል። ልጃገረዶቹ ሹሩባ ተሠርተው፣ ኩል ተኳኵለው፣ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ረዥሙን ለምለም ሣር በወገባቸው አስረው ይወጣሉ። አንዷ ከበሮውን ትመታለች፤ ድምፀ መልካሟ ታወርዳለች፤ የቀሩት እያጨበጨቡ ይቀበሏታል።

እዚህ ላይ ጆሮን ሰጥቶ ማድመጥ ነው። ልጃገረዶቹ የፈረንጅ መዘምራን እንደሚያደርጉት በሶፕራኖና በአልቶ አልተከፋፈሉም፤ ሁሉም የሚሉት ያንኑ አንድ ዜማ ነው። ሆኖም የሚሰማው ድምፅ አንድ ዐይነት አይደለም። አንዷ ቀደም ብላ ትገባለች፤ ሌላዋ ትንሽ ትዘገያለች፤ አንዷ መጨረሻውን ታርገበግበዋለች፤ ከኋላ ያለችው ታናሿ በቀጭን ድምፅ ትከተላለች። ኩታ ሲደረብ ጋቢ እንደሚሆን ሁሉ ድምፅም በድምፅ ላይ ሲደረብ ይሞቃል። በአገራችን ልዩ ልዩ ዜማ በአንድ ጊዜ አነባብረው የሚዘፍኑም አሉ፤ የጋሞ ደጋ ዶርዜዎች በዚህ የታወቁ ናቸው። የቆቦው ጥበብ ግን ሌላ ነው፤ አንዱን ዜማ እያንዳንዷ የራሷ አድርጋ፣ ሳትለይም ሳትጠፋም፣ ከጓደኞቿ ጋራ ትይዘዋለች። የመሪና የተቀባይ ሥርዐት በወሎ ሙስሊሞች መንዙማም በቤተ ክርስቲያን ማሕሌትም ስላለ የራያ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጆሮው ለምዶታል።

አሁን ወደ ኬልቶቹ እንሻገር። ከስኮትላንድ በስተምዕራብ ሄብሪዲስ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። የዚያ አገር ሴቶች ከበግ ጠጕር የተሠራውን ጨርቅ ለማጥበቅ በረዥም ሰሌዳ ዙሪያ ተቀምጠው እርጥቡን ጨርቅ እየተቀባበሉ ይደበድቡት ነበር። አንዲቱ ግጥሙን ታወርዳለች፤ የቀሩት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትርጕም የሌለውን መቀበያ በአንድነት ይመልሳሉ። ከግጥሞቹም ብዙዎቹ ባሕር ስለ በላው ሰውና ስለ ከዳ ወዳጅ የሚናገሩ የኀዘን ቃላት ነበሩ። በነዚሁ ደሴቶች፣ ይልቁንም በሉዊስ፣ መዝሙረ ዳዊት በጌሊክ ቋንቋ ሲዘመር መሪው አንድ መሥመር ይሰጣል፤ ምእመናኑም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ማስጌጫ ይከተሉታል። ድምፁ እንደ ማዕበል ይመጣል፤ እንደ ማዕበል ይመለሳል። የሶለልን ዘፈን የሚያውቅ ጆሮ ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም።

ምስጢሩ «ተቀባይ» በምትለው በራሳችን ቃል ውስጥ ያለ ይመስለኛል። እኛ ዘፈን እንቀበላለን፤ እንግዳም እንቀበላለን፤ ሸክም የከበደውን ሰው መንገድ ላይ ስናገኝም «ልቀበልህ» እንለዋለን። የሄብሪዲሷ ሴት ኀዘኗን ስታወርድ ጓደኞቿ አልመረመሯትም፤ አልመከሯትም፤ ተቀበሏት እንጂ። የቆቦዋ ልጃገረድም ፊት ለፊት ብትናገረው የሚያሳፍራትን የፍቅር ነገር በዘፈን ስታወጣው ነገሩ ከእርሷ አልፎ የሁሉም ይሆናል። ቃሉ ባይገባንም ጆሮአችን ይህን ያውቃል፤ አንድ ሰው ብቻውን ጀምሮት ብዙዎች የተሸከሙለትን ነገር ይሰማል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 በስዊድን አገር ከጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናትም አብረው የሚዘምሩ ሰዎች አተነፋፈሳቸው ስለሚገጥም የልባቸው ምት አብሮ እንደሚፈጥንና አብሮ እንደሚዘገይ አሳይቷል። «ልብ ለልብ ተገናኘን» የምንለው ለካ ከምሳሌ ያለፈ ነገር ኖሯል!

ይህን ነገር የሚያጐላ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ከአየርላንድ ዶኒጎል አገር የተገኘችው ኤንያ በ1988 «ኦሪኖኮ ፍሎው» በተባለው ዘፈኗ በዓለም ታውቃለች። በዘፈኖቿ ውስጥ ብዙ ሴቶች የሚቀበሏት ይመስላል፤ ነገር ግን የምንሰማው የራሷ ድምፅ ነው፤ ደጋግማ እየቀረጸች በላዩ ላይ የደረበችው። ውበቱ አይካድም። ሆኖም ሰው ብቻውን ሲዘፍን እንኳ ተቀባዮችን በመሣሪያ ሠርቶ እስኪያመጣ ድረስ እንደሚናፍቅ ከዚህ እንረዳለን።

በቆቦ ተቀባይን መሥራት እስከ ዛሬ አላስፈለገም ነበር። አሁን ግን የሚያሳስብ ነገር አለ። ከራያ ብዙ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ፤ የተማሩትም ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ ይወጣሉ። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ 18 ቀን፣ ሶለል በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ቆም ብሎ የነበረው ጦርነት በዚያው በቆቦ አካባቢ እንደ ገና ተነሣ። ዘፈን ከሰው ጋራ ይበተናል፤ አውራጇ ብትቀር እንኳ ተቀባዮቿ ከሌሉ ዘፈኑ ግማሽ ነው። በዓሉ በከተማ መድረክ በድምፅ ማጉያ ሲቀርብም ደስ ያሰኛል፤ ግን አንዷ ትዘፍናለች፣ ሺሕ ሰው ስልኩን አንሥቶ ይቀርጻል፣ የሚቀበላት ጥቂት ነው።

የሄብሪዲስ ሰዎች ይህን በጊዜ አይተውታል። ጨርቁን መኪና ማጥበቅ ሲጀምር የሰሌዳው ዙሪያ ዘፈንም ከሥራው ጋራ መጥፋት ያዘ። በ1951 በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የስኮትላንድ ጥናት ትምህርት ቤት ተቋቁሞ ሠራተኞቹ መቅረጫ ተሸክመው በየመንደሩ ዞሩ፤ ዘፋኞቹ ሳያልፉ ድምፃቸውን አኖሩት። ዛሬ ወጣቶች ከዚያ እየተማሩ ይዘፍናሉ። ጨርቅ ድብደባው ግን አልተመለሰም። የሶለል ዕድል ከዚህ የተሻለ ነው፤ በዓሉ ገና በእጃችን አለና።

ስለዚህ ተማሪዎችና የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ሆይ፣ በነሐሴ ፈቃድ አግኝታችሁ ወደ አገራችሁ የምትገቡ ከሆነ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ስትቀርጹ ግጥሙን ብቻ ሳይሆን መቀበያውንም፣ የመንደሩንም ስም፣ ቀኑንም አብራችሁ ጻፉ፤ መቀበያው ያልተጻፈ ዘፈን በሩ ያልታየ ቤት ነውና። ሁለተኛና ዋናው፣ ቀርጻችሁ ስትጨርሱ ስልኩን ወደ ኪሳችሁ መልሱት። አባቶቻችን «በአንድ እጅ አይጨበጨብም» ብለዋል፤ በአንድ እጅ ስልክ ተይዞ ደግሞ ከቶ አይሆንም። የሩቁን አገር ዜማ ሰምተን ያለቀስነው ተቀባይ ስላለው ከሆነ፣ እኅታችን ደጃችን ቆማ ስታወርድ የምንቀበላት እኛ ነን።