ጣና ላይ ቤንዚን የሚበላው ችኮላ ነው

የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ መነሳት ሲጀምር፣ በሐምሌ 2014 ዓ.ም.፣ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ 100 ብርን ተሻገረ። ስለ ታክሲና ስለ ባጃጅ ብዙ ተብሏል። ከባሕር ዳር ተነስተው ወደ ዘጌና ወደ ደቅ ስለሚመላለሱት ትንንሽ የሞተር ጀልባዎች ግን የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው። ጀልባ ማደያ ድረስ አትነዳም፤ ቤንዚኗ በጀሪካን ነው የሚመጣላት። በጀሪካን መቅዳት ደግሞ ጥቁር ገበያን ለመቆጣጠር ሲባል የሚከለከል ነገር ነው። በዚያ ላይ በጸጥታው ችግር ጎብኚ ቀንሷል።

ባለጀልባዎች ቢያማርሩ እውነት አላቸው። ሆኖም ዋጋው ባይወርድም ከዛሬ ጀምሮ ሊተርፍ የሚችል ቤንዚን አለ፤ ያውም ትንሽ አይደለም።

መጀመሪያ ከፍታው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። ከጀልባ ጀርባ የሚንጠለጠሉት ሞተሮች ግን ሲሠሩ በባሕር ጠረፍ አየር ተለክተው ነው። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሞተር 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። እናም 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ ሞተር ጣና ላይ የሚሰጠው 33 ገደማ ነው። ካርቡራተር ያለው ከሆነ ደግሞ አየሩ ሲሳሳ የሚገባው ቤንዚን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ የተረፈው በጭስ ይወጣል። የጠቆረ ካንዴላ አንዱ ምልክቱ ነው። ቤንዚን የምታሳልፈዋን ትንሽ ቀዳዳ ለከፍታው በተሠራችው መቀየር ይቻላል። ግን በግምት የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ከመጠን በላይ ከጠበበች ፒስተን ታቃጥላለች።

ይበልጥ የሚዘነጋው ፕሮፔለሩ ነው። ፒች የሚባለው ቁጥር ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ጀልባዋን ምን ያህል ወደፊት ሊገፋ እንደታሰበ ያሳያል። ለባሕር ጠረፍ የተመረጠ ፕሮፔለር ጉልበቱ በቀነሰ ሞተር ላይ ሲሆን፣ ጭነት የሞላ አይሱዙ በከፍተኛ ማርሽ አቀበት እንደሚወጣው ማለት ነው፤ ሞተሩ ያቃስታል፣ ይጠጣል፣ አይሄድም። መፈተኛው ቀላል ነው። የተለመደውን ያህል ሰው ጭኖ ሙሉ ጋዝ መስጠትና የሞተሩ ዙር የአምራቹ መመሪያ ላይ የተጻፈው ድረስ መድረሱን ማየት። ካልደረሰ ፒቹ ዝቅ ያለ ፕሮፔለር ያስፈልገዋል። ፒች በአንድ ኢንች ሲቀንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራል። ለአንድ ባለጀልባ የተለያየ ፒች ያላቸውን ገዝቶ መሞከር ከባድ ነው። ማኅበራት በጋራ ሁለት ሦስት ገዝተው ለአባላት መፈተሻ ቢያደርጓቸው ግን ሸክሙ የሚከፈል ነው።

“አሮጌውን ቱ ስትሮክ ጥላችሁ ፎር ስትሮክ ግዙ” የሚል ምክርም አለ። እርግጥ ካርቡራተር ያለው ቱ ስትሮክ ከሚቀበለው ቤንዚን እስከ ሩብ ያህሉን ሳያቃጥል ሊያስወጣ ይችላል፤ መውጫው ደግሞ ውሃው ውስጥ ነው። ነገር ግን በዛሬው የዶላር ምንዛሬ ይህን መምከር የሚቀለው ለማይከፍል ሰው ነው።

ገንዘብ የማይጠይቀው ፍጥነት መቀነስ ነው። ውሃ እንደ አስፋልት አይደለም። ጀልባ የራሷን ማዕበል እየገፋች ነው የምትሄደው፤ ውሃው ላይ ያረፈው አካሏ 7 ሜትር የሆነ ጀልባ ደግሞ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስትደርስ ያንን ማዕበል እንደ ዳገት መውጣት ትጀምራለች። ከዚያ በላይ የሚሰጥ ጋዝ በብዛት ማዕበል ለማሳደግ ይውላል። ቀላልና ጉልበታም ጀልባ ዳገቱን አልፋ ውሃው ላይ ትንሸራተታለች። ሰው የሞላባትና ሞተሯ በከፍታው የደከመ ግን መሃል ላይ ትቀራለች፤ አፍንጫዋን ሰቅላ፣ ኋላዋን ቀብራ። ከዚህ የባሰ ቤንዚን የሚበላ አነዳድ የለም።

ስሌቱም ያው ነው። የሚያስፈልገው ጉልበት ቢያንስ በፍጥነቱ ኩብ ልክ ያድጋል ከተባለ፣ ከ12 ወደ 10 ኪሎ ሜትር መውረድ ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚፈጀውን ቤንዚን በ30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በ15 ኪሎ ሜትር ጉዞ የሚጨምረው ጊዜ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ስልክ ላይ ያለ የፍጥነት መለኪያ ለዚህ ይበቃል።

ታዲያ ለምን አይደረግም? ዋጋው በጉዞ ነውና ቶሎ የተመለሰ ሌላ ተሳፋሪ ያገኛል። ቤንዚኑን የሚገዛው ባለቤቱ፣ ጋዙን የሚይዘው ተቀጣሪ ከሆነ ደግሞ ለነጂው መቆጠብ ምንም አያስገኝለትም። ከተረፈው ቤንዚን የተወሰነውን ለነጂው ማካፈል ከማንኛውም ቁጣ የተሻለ ይሠራል። ተሳፋሪውም ተጠያቂ ነው። ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕል በግማሽ ሰዓት አይቶ “ቶሎ በል” የሚል ሰው የችኮላውን ዋጋ አብሮ ሊከፍል ይገባል። ዋጋውን ሁለት ማድረግ ይቻላል፤ ለዝግታው አነስ ያለ፣ ለፍጥነቱ ከፍ ያለ።

የቀረው ጥቃቅን ነው። ሰው ሁሉ ከኋላ እንዳይከማች ማከፋፈል፣ ከሥር የተጋገረውን አረንጓዴ መፋቅ፣ እምቦጭ ካለበት ሲወጡ ፕሮፔለሩንና የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያውን ማጽዳት።

ቁጠባ ሲባል ግን ትንሽ ቤንዚን ይዞ መውጣት ማለት አይደለም። የጀልባ ሰዎች የቆየ ስሌት አንድ ሦስተኛ ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛ ለመመለሻ፣ አንድ ሦስተኛ ለመጠባበቂያ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ከደቅ የሚመለስ ጀልባ ጠዋት ከፈጀው በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ሐይቁ መሃል ደግሞ ማደያ የለም።