ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲጓዝ በወታደሩ መሐል አንድ የሙዚየም ሰው ነበር። ሪቻርድ ሆምስ ይባላል። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከ የዘመቻው አርኪዮሎጂስት ነው። ከሥራው አንዱ ጦሩ ሲያሸንፍ ለሙዚየሙ የሚሆነውን መርጦ መሰብሰብ ነበር።

ጦሩ ከአሸንጌ ሐይቅ አልፎ የተጓዘው በዋግ ሹም ጎበዜ ግዛት በኩል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የጎበዜን አባት ዋግ ሹም ገብረ መድኅንን አስገድለዋል። ደም ያለበት ሰው ለጠላቱ ጠላት መንገድ አይዘጋም፤ ጎበዜም አልዘጉም። ትግራይ ላይ የነበሩት ካሳ ምርጫም እንዲሁ። ሁሉም ዓይኑን በየባላጋራው ላይ ተክሎ ስለነበር የአገሩን ዕቃ የሚጠብቅ ጠፋ።

ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ወደቀች። ሆምስ የጳጳሱን ዘውድና አንድ የወርቅ ጽዋ ከወታደር እጅ በ4 ፓውንድ ገዛ። የኵርዓተ ርእሱን ሥዕል ግን ለሙዚየሙ አላስረከበም፤ ለራሱ አስቀረው። የቀረው ዘረፋ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ ተባለ። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ።

ጎበዜስ ምን አተረፉ? ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በ1863 ዓ.ም. ግን እንግሊዞች በሰጧቸው መሣሪያ የተጠናከሩት ካሳ ምርጫ አሸነፏቸው። ዙፋኑም ሄደ፣ ዕቃውም ሄደ።

ይህ ነገር ዛሬ ዋግ ላይ ቢነሳ አይገርምም። በሰሜኑ ጦርነት የፃግብጂና የአበርገሌ ሕዝብ ቀዬውን ጥሎ ወደ ሰቆጣ ተሰዷል። የሚሸሽ ሰው ልጁን ያዝላል እንጂ የደብሩን ብራና አይሸከምም። ንዋየ ቅድሳት ለመውሰድም ዛሬ ዝሆን አያስፈልግም፤ አንድ ማዳበሪያ ይበቃል።

«ዕቃችን በምስጢር ይቀመጥ፤ መመዝገብ ለሌባ መጠቆም ነው» የሚሉ አባቶች አሉ። ስጋታቸው እውነት አለው፤ ብዙ ቅርስ የተረፈው በእነሱ ዝምታ ነው። ነገር ግን ምስጢሩን የያዘው ዕቃ ቤት ጠባቂ በጦርነት ቢሞት የጠፋውን ማን ይናገራል? የመቅደላን ቅርስ ዛሬ በስም ጠርቶ መጠየቅ የተቻለው የወሰዱት ሰዎች ጽፈው ስላስቀመጡት ነው። የባለቤቱ ምስክር ዘራፊው መሆኑ ያሳፍራል።

ቅርስ ይመዝገብ የሚለው አዋጅ ቁጥር 209 ከወጣ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ዓመት አልፏል። ፎቶ፣ ልክ፣ የቅጠል ብዛት፣ ዕቃው የተቀመጠበትን ቦታ ሳይጠቅስ መጻፍ ይቻላል። አንዱ ቅጂ በደብሩ፣ አንዱ በሀገረ ስብከቱ፣ አንዱ በቅርስ ባለሥልጣን እጅ ይሁን። ስልክ ያለው ዲያቆንና የሚተማመኑበት ቄስ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው። መደረግ ያለበትም ጥይት በማይጮህበት በዚህ ወይም በዚያ ሳምንት ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ቢጮህ ለማን ይጠቅማል?